አርባ ሰከንድ ሰምቶ ዘፈን መቀየር፦ የመሣሪያ ፍቅር ሙዚቃውን ሲጋፋ

የማታ አድማጭ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ሙዚቃ ልሰማ ከስፒከሮቹ ፊት ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ስነሣ ግን አንድም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለመስማቴን አስተዋልኩ። የሰማሁት የአንዱን ዘፈን መግቢያ አርባ ሰከንድ፣ የሌላውን የከበሮ ምት፣ የሦስተኛውን ደግሞ ዘፋኟ ትንፋሽ የምትስብበትን ቦታ ብቻ ነበር። በየመካከሉ እየተነሣሁ አንዱን ስፒከር ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አዞረውና ያንኑ አርባ ሰከንድ እደግመዋለሁ። ዘፋኟ ከትንፋሹ ቀጥላ ምን እንዳለች ብጠየቅ መልስ የለኝም።

በልጅነቴ የነበረኝ ባለአንድ ስፒከር የካሴት ማጫወቻ ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ስለሚዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርድ ነበር። በጣም የምወደውን አንድ ዘፈን ያጠናሁት እንዲህ ባለ የደከመ ባትሪ በመሆኑ፣ ዛሬ በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው ዘፋኙ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚቻኮል ይመስለኛል። ያም ሆኖ እያንዳንዱን ስንኝና ሳክስፎኑ በየስንኙ መካከል የሚመልሰውን መልስ ሳይቀር በቃሌ አውቀዋለሁ። አሁን ያለኝ አምፕሊፋየር ብቻውን ያንን ማጫወቻ አሥር እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ከገዛሁት ወዲህ ግን እንደዚያ በቃሌ የያዝኩት አንድም ዘፈን የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ሳላውቀው መሣሪያው ሙዚቃ ይመርጥልኝ መጀመሩ ነው። የምወዳቸውን የቀድሞ ድምፃውያን «ቀረጻቸው ይሻክራል» እያልኩ ትቻቸዋለሁ። በምትካቸው የማዳምጠው ጥርት ብለው የተቀረጹ፣ ዜማቸው ግን ልቤን የማይነካ ሥራዎችን ነው። መሣሪያውን ሳልጠላ ወደ ሙዚቃው እንዴት ልመለስ? በጎን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰሞኑን የግራው ወገን ድምፅ ደከም ያለ ይመስለኛል። ኬብል ቀይሬ ስላልተሻለኝ አምፕሊፋየሩን ለመቀየር እያሰብኩ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለመሰንቆ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ እንጀራዬ ሙዚቃ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼን ቤት ስጎበኝ የማየው ነገር ምናልባት ያስገርምዎት ይሆናል። ብዙዎቹ የሚሰሙት በስልካቸው ወይም አንዱ ወገን በተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ስስት ወይም ግዴለሽነት አይደለም። በመሣሪያ የሚጫወት ሰው ሲያዳምጥ ጆሮው የሚከተለው ዜማው ወዴት እንደሚሄድ፣ ባሱ ከከበሮው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሚገባ፣ ዘፋኙ ቃሉን የት ላይ እንደሚሰብር ነው። የጎደለውን ድምፅ አእምሮው ራሱ ይሞላዋል፤ ከደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ቢጠፋ አንባቢው እንደማይቸገረው ማለት ነው።

ጣሊያናዊውን ድምፃዊ ኤንሪኮ ካሩዞን ይውሰዱ። ሚላን ላይ መቅረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን ያረፈው በ1921 ነው። በማይክሮፎን የሚሠራው ኤሌክትሪካዊ ቀረጻ ለገበያ የበቃው ግን በ1925 ነው። ይህ ማለት የሰውየው ቅጂዎች በሙሉ በቀንድ መሰል ጡሩንባ ውስጥ እየተዘፈኑ፣ ድምፁ ራሱ መርፌውን እየገፋ የተቀረጹ ናቸው። ባሱ የለም፣ ቀጭኑ ድምፅ የለም፣ ሹሹታው ግን ሞልቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው ለምን ይሰማዋል ብለው ራስዎን ቢጠይቁ፣ «ይሻክራል» ብለው የተዉዋቸውን ድምፃውያን ዛሬውኑ ከመደርደሪያ የሚያወርዱ ይመስለኛል።

አንድ ልምምድ ልስጥዎ። አንድ ዘፈን ይምረጡና አንዱን መሣሪያ ብቻ፣ ለምሳሌ ባሱን ወይም ከኋላ ያለውን ተቀባይ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከተሉት። በማግሥቱ ሌላውን ይያዙ። በአምስተኛው ቀን ስለ ስፒከሩ አቅጣጫ የማሰብ ፋታ አይኖርዎትም።

የስቱዲዮ ሰው፦

ባለመሰንቆ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «መሣሪያ ምንም አይደለም» ወደሚል ድምዳሜ የሚሻገር ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በቀረጻና በሚክሲንግ (የተቀረጹ ድምፆችን በማዋሃድ) ሥራ ስለቆየሁ፣ ሙዚቀኛው በትክክል የተጫወተውን ነገር መጥፎ ድምፅ እንዴት እንደሚያጣምምበት በየቀኑ አያለሁ። ችግሩ ገንዘባችንና ጊዜያችን የሚፈሰው ድምፁን ከሚያጣምመው ነገር ላይ አለመሆኑ ነው።

ዋናው አጣማሚ ክፍሉ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 34 ሄርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅና የእሱ ብዜቶች በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሱ ራሳቸውን ያጎላሉ፤ ግድግዳው አጠገብ ባሱ ያብጣል፣ የመጀመሪያው፣ የ34 ሄርዙ ሞገድ ደግሞ ክፍሉ መሐል ላይ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። የባስ ጊታር ወፍራም ክር ሳይነካ ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ ባሲስቱ አራት ኖታዎችን በእኩል ጉልበት ቢመታም እርስዎ ወንበር ላይ የሚደርሱት አንዱ እየጮኸ፣ አንዱ እየተዋጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰምተው ባሲስቱን የሚወቅሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አምፕሊፋየር የሚቀይሩት ደግሞ ከእነሱ ይበዛሉ።

ይህን ጉዳይ በሳይንስ መልክ ያስያዘው ዋላስ ሴባይን የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ለ5 ሰከንድ ተኩል ያህል ያስተጋባ ነበርና የተናጋሪው ቃላት እርስ በርስ ይደራረቡ ነበር። ሰውየው ከአቅራቢያው ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ፣ በየጊዜው ቁጥሩን እየጨመረ፣ ማስተጋባቱ በምን ያህል እንደሚያጥር ለካ፤ ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ደግሞ ትራሱ ሁሉ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በእሱ ስሌት የተሠራ ነው። በትራስ የተጀመረ ጥናት ነው ለማለት ፈልጌ ነው፤ ወፍራም ምንጣፍ፣ መጋረጃና መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ ዛሬም ከብዙ ውድ ሣጥን ይበልጣሉ። ባሱን ግን ምንጣፍ አይነካውም፤ ለእሱ ስፒከሩንና ወንበሩን ማዘዋወር ይሻላል።

የማታ አድማጭ፣ ሌላም ነገር ልጠርጥር። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የሚሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርገው አይደለምን? የቤል ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ለባሱ ያለው ንቃት ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ በጣም ይቀንሳል። በቀን ሙሉ መስሎ የተሰማዎት ዘፈን ማታ የሚሳሳው በጆሮ ተፈጥሮ ነው። ማታ ማታ ስፒከር የሚያዞሩት ምናልባት ስፒከሩ ያላጠፋውን ጥፋት ለማረም ይሆናል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በዚህ ውይይት ላይ መሣሪያ መውደድ እንደ ኃጢአት መናዘዣ ሆኖ እየቀረበ ነው። ሰዓት የሚወድ ሰው ሁልጊዜ ቀጠሮ አለው ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረበውን የኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ከፍቶ ያየ ሰው፣ ከባድ የወረቀት ሾጣጣ ሳይኖር አንድ ስስ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ እየተንቀጠቀጠ የሰው ድምፅ ሲያወጣ የሰማ ሰው፣ በራሱ በብልሃቱ ቢደነቅ ምን ነውር አለው? እኔ ሸክላ ከመስማቴ በፊት አቧራውን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ መርፌውን በአጉሊ መነጽር አያለሁ፣ ክንዱ የሚጫነውን ክብደት በትንሿ ሚዛን እለካለሁ። ደስ ይለኛል። ለደስታዬ ሌላ ምክንያት ማቅረብ ያለብኝ አይመስለኝም።

ደግሞም ጥሩ መሣሪያ ከሙዚቃው የሚያርቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ሙዚቃው የሚያቀርብም ነው። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉር እንደነበር የታወቀ ነው፤ ቀራጮቹ ሊያስተዉት አልቻሉም። ለዓመታት በደካማ መሣሪያ ስሰማው ያ ማንጎራጎር የቅጂው ሕመም ይመስለኝ ነበር። ደህና ስፒከር ካገኘሁ በኋላ ግን አንድ ሰው ጣቶቹ ከሚጫወቱት ጎን ሌላ የራሱን ዜማ እየመራ መሆኑ ገባኝ። በገናንም እንውሰድ። የበገና ድምፅ ያ የሚያንዛዝር ጠባዩ የሚመጣው በእያንዳንዱ ክርና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። በስልክ ስፒከር ሲሰማ ንዝረቱ ብቻ ይቀርና ክሩ ይጠፋል፤ በገናውን ሳይሆን ንቡን የሰሙ ያህል ነው። ይህን ልዩነት የሚሰማ ሰው ከሙዚቃ ራቀ አልልም።

የእኔ መፍትሔ ቀኑን መለየት ነው። በወር አንድ ቀን መፍቻና ሚዛን ይወጣል፤ በቀረው ጊዜ ምንም ነገር አይነካም። በነገራችን ላይ ያለፈው ወር የቀየርኩት የስፒከር ኬብል የዋሽንቱን ትንፋሽ በግልጽ አውጥቶልኛል።

ተጠራጣሪው፦

እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድረስ አብሬዎ ነበርኩ።

ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ያው አድማጮች ያንኑ ስፒከሮች አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነውላቸው ሰሟቸው። ሲያዩ የሰጡት ውጤት በስፒከሩ መጠንና በስሙ ተመርቷል፤ ዓይናቸው ሲከለከል ግን ፍርዳቸው ተለወጠ። እነዚያ አድማጮች ደግሞ በድምፅ መሣሪያ ኩባንያ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ከተራው ሲዲ ከፍ ባለ ጥራት የተዘጋጁ ቅጂዎችን ወስደው፣ በመካከል የሲዲውን 16 ቢትና 44.1 ኪሎሄርዝ ልክ የሚያስይዝ መሣሪያ እያስገቡና እያወጡ አድማጮችን ጠየቁ። ከ554 ሙከራ በ276ቱ ትክክለኛውን መለሱ። ሳንቲም እየወረወሩ ቢመልሱም ያው ነበር።

ስለዚህ ኬብሉን ከማመስገናችን በፊት አንድ ሰው ሳያዩ እንዲቀይርልዎ ቢያደርጉ መልካም ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። የማታ አድማጭ የተጨነቁበት ጉዳይ መፍትሔው እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ልዩነት እንደሌለ በገዛ ጆሮው ያረጋገጠ ሰው ስለዚያ ነገር ማሰብ ያቆማል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ጥናት በጥናት ከሆነ፣ በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጆሽዋ ራይስ እ.ኤ.አ. በ2016 የ18 ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ መርምረው፣ አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ለመለየት ጥቂት ነገር ግን እውነተኛ ችሎታ እንዳላቸው አሳይተዋል። ሥልጠና ያገኙት ደግሞ ከሌሎቹ ይሻሉ ነበር። የእኔ መከራከሪያ ግን ከቁጥር ይልቅ ሌላ ነው። ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ተፈታኝ ነው የሚሰማው፤ በየሃያ ሰከንዱ «ይኸኛው ወይስ ያኛው?» እየተባለ ሙዚቃ አይሰማም። የማታ አድማጭ የተማረሩበት የአርባ ሰከንድ በሽታ ይኸው ራሱ አይደለምን?

የስቱዲዮ ሰው፦

ሁለታችሁም በከፊል ትክክል ናችሁ። ራይስ ያገኙት አማካይ ውጤት 52.3 ከመቶ ነው፤ እውነት ነው፣ ከግማሽ ይበልጣል። ነገር ግን ወንበርን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመሳብ የሚመጣውን ልዩነት ከመቶ ጊዜ መቶውን የማይለይ ሰው አላውቅም። ነገሩ የመጠን ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ ስለ አርባ ሰከንዱ ያሉት ግን ልቤ ገብቷል። ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ፣ መልሱ ተጽፎ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ የማዳመጥ ምሽት ፈተና ሲሆን ነው የሚከፋው። ልፈትን ያለ ሰው ደግሞ በትክክል ይፈትን። ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚመጣው ከድምፅ መጠን ነው፤ አንዱ መሣሪያ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ብሎ ከተሰማ ጆሮ «ጮኸ» ሳይሆን «ጠራ» ነው የሚለው። ስለዚህ የ1,000 ሄርዝ ወጥ ድምፅ ከፍተው በስፒከሩ መግቢያ ላይ በቮልት መለኪያ ይለኩና የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ከ0.1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በታች ያድርሱት። የሚቀያይረው ሰው ሳንቲም እየወረወረ ይምረጥ፤ ፊቱም አይታይዎት። 16 ጊዜ ሞክረው 12 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ በዕድል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጀማሪው፦

ውይይቱን ሁሉ አነበብኩ። ገና መሣሪያ ልገዛ እያሰብኩ ነበር፤ አሁን ፈራሁ። ባልጀምረው ይሻላል ማለት ነው?

ባለመሰንቆ፦

ይጀምሩት እንጂ። ግን መጀመሪያ በእጅዎ ባለው ነገር ሃያ አልበም ያህል እስከ መጨረሻው ይስሙ። ከዚያ በኋላ የጎደለብዎ ምን እንደሆነ ራስዎ ያውቁታል፤ ሻጭ አይነግርዎትም።

የማታ አድማጭ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሁለት ሳምንት የቆየሁት የተባልኩትን ስሠራ ነበር።

ፈተናውን ያደረግኩት ባለፈው ዓመት በገዛሁት ዳክ ላይ ነው፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው መሣሪያ ማለቴ ነው። ከአሮጌው ጋር በቮልት መለኪያ አስተካክዬ፣ እህቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ሳንቲም እየወረወረች ቀያየረችልኝ። ከ16ቱ 9 አገኘሁ። የሚያሳፍረው ቁጥሩ አይደለም። በስድስተኛው ሙከራ ላይ «ይኸኛው አዲሱ መሆኑን እምልልሻለሁ፤ የፒያኖው ጥልቀት ሌላ ነው» አልኳት። አሮጌው ነበር። እህቴ እስካሁን ቡና ባፈላች ቁጥር «ጥልቀቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

ከዚያ ስፒከሮቹን ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ 70 ሴንቲሜትር ያህል አራቅኳቸው፤ ወንበሬንም ከክፍሉ መሐል ወደ ኋላ ሳብኩት። ለዚህስ ሳንቲም መወርወር አላስፈለገም። ለዓመታት «ባሲስቱ እዚህ ቦታ ላይ ይሳሳታል» እያልኩ የማልፈው አንድ ዘፈን አለ፤ ባሲስቱ አልተሳሳተም። ከቀድሞው ቦታዬ ሆኜ የማልሰማቸው ሁለት ኖታዎች እዚያው ነበሩ። ይህን ሳውቅ ዘፈኑን አቋርጬ ሌላ ነገር ለመሞከር አልተነሣሁም፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የስቱዲዮ ሰው ስለ ማታውም እውነት ብለዋል። የምወደውን ቅጂ በቀን፣ ድምፁን መጠነኛ ከፍታ ላይ አድርጌ ስሰማው ለሳሳው ባስ ስፈልግለት የነበረው መድኃኒት ሁሉ አላስፈለገም።

የግራው ወገን ግን አሁንም ደክሟል። አምፕሊፋየሩ ይመስለኛል።

ተጠራጣሪው፦

አምፕሊፋየሩን ከመወንጀልዎ በፊት በቅደም ተከተል ይሂዱ። መሣሪያውን አጥፍተው በአምፕሊፋየሩ ጀርባ የግራና የቀኙን ስፒከር ሽቦዎች ያቀያይሯቸው። ድካሙ ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከእሱ በፊት ካለ መሣሪያ ነው። በግራ ከቀረ ስፒከሮቹን ራሳቸውን ቦታ ያለዋውጡ፤ ያኔ ድካሙ ስፒከሩን ተከትሎ ከሄደ ስፒከሩ ነው። አሁንም ግራ ከሆነ ክፍሉ ወይም እርስዎ ነዎት። የመጨረሻው ቀላል ነው፦ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ የሞኖ ድምፅ ይክፈቱ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ግራና ቀኙን ገልብጠው ያድርጉት። ተገልብጦም ግራዎ ከደከመ የሚቀየር መሣሪያ የለም።

የማታ አድማጭ፦

ተገልብጦም ግራዬ ነው።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በዝግ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ከ250 እስከ 8,000 ሄርዝ ያሉ ድምፆችን አሰሙኝ። በሥዕሉ ላይ የቀኙ መስመር ደህና ነው፤ የግራው በ4,000 ሄርዝ አካባቢ ጎድጎድ ይላል። ሐኪሙ የአደገኛ በሽታ ምልክት አላየም፤ ለዓመታት ምን እሰማ እንደነበር ጠየቀኝ። በሥራ ላይ ሳለሁ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ብቻ፣ ሁልጊዜም በግራ፣ ከዙሪያዬ ጫጫታ እስኪበልጥ ድረስ ከፍ አድርጌ እሰማ እንደነበር ነገርኩት። «ሊሆን ይችላል» አለኝ። የጠፋው እንደማይመለስም ነገረኝ። እስከ 40,000 ሄርዝ ይደርሳል ተብሎ የተጻፈበትን ስፒከሬን የገዛሁት እንግዲህ በዚህ ጆሮ ለመስማት ነው።

ባለመሰንቆ፦

አይዞዎት። በእኛ ሙያ የታወቀ ነገር ነው፤ ቫዮሊን ተጫዋቾች መሣሪያው ከግራ ጆሯቸው ሥር ስለሚያድር ጉዳቱ በግራ ይበረታባቸዋል። በዚያ ጆሯቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጫወቱ የኖሩ አሉ።

የስቱዲዮ ሰው፦

በማዘን ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ ከ80 ዴሲቤል ያልበለጠ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የጎደለውን ለማካካስ ብለው ድምፁን በአጠቃላይ ከፍ እንዳያደርጉት አደራ፤ የቀረውን ይወስድብዎታል።

ማድረግ የሚችሉት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሚዛን ማስተካከያዋን ቁልፍ ጥቂት ወደ ግራ ያዙሯት። የጎደለብዎት አንድ ጠባብ ክልል ስለሆነ በትክክል አትሞላውም፤ ዘፋኙ ግን ወደ መሐል ይመለስልዎታል። የሚያስቀው ነገር፣ ብዙዎቹ ውድ አምፕሊፋየሮች ይህን ቁልፍ «የድምፁን ንጽሕና ይነካል» በሚል ከፊታቸው አስወግደውታል። የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎቹም በዚያው ሰበብ ሄደዋል። እንግሊዛዊው ፒተር ባክሳንዳል እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ያ ድንቅ ሰርኪዩት ዛሬ የሚገኘው በርካሾቹ ላይ ነው።

የማታ አድማጭ፦

የእኔ የለውም። ፊቱ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ክብ ቁልፍና አንዲት ሰማያዊ መብራት ብቻ ነው። የድሮውን አምፕሊፋየሬን ከቁም ሣጥን አናት አወረድኩት፤ ሚዛኑም፣ ባሱም፣ ማታ ማታ ባሱን የሚያካክሰው ቁልፍም አለው። አቧራውን ጠርጌ አገናኘሁትና ሚዛኑን ወደ ግራ አንድ ምልክት አዞርኩት። ዘፋኟ መሐል ላይ ቆመች።

ትናንት ማታ ደግሞ ያንን በደከመ ባትሪ ያጠናሁትን ዘፈን ከፈትኩ። አሁንም የተቻኮለ መሰለኝ። በኮምፒውተሩ ማጫወቻ ላይ ፍጥነቱንና ድምፁን አንድ ላይ የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ስላለ ስድስት ከመቶ ዝቅ አደረግኩት፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ሳክስፎኑ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ሳክስፎን ሆነ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ከዚያ የካሴቱን ገጽ ቅደም ተከተል አስታውሼ ቀጣዮቹን አራት ዘፈኖችም እንዲሁ ዝቅ አድርጌ ሰማኋቸው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ያን ሁሉ መሣሪያ ገዝተው የደከመ ባትሪ ሠሩበት! እኔ ግን ስለ ኬብሉ ፈተናውን ሳላደርግ አልቀርም፤ ወንድሜን ለእሑድ ጠርቼዋለሁ።

ባለመሰንቆ፦

ስድስት ከመቶ ማለት በሙዚቃ ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ገደማ ነው። ዘፈኑን ሲያንጎራጉሩ ይቅረጹና ያሰሙን፤ በየትኛው የድምፅ ከፍታ እንደሚጀምሩት ለማወቅ ጓጉቻለሁ።